ሰላም ሳንላት ያለፍናት መንደር

ከጋምቤላ የተመለስኩ ሰሞን ደብረ ብርሃን ያላችሁ ጎረቤቶቼ «እንኳን ከውጭ አገር በሰላም መጣሽ» እያላችሁ ስቃችሁብኛል። ሳቁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በጋቢ ተጠቅልላ ለኖረች ነርስ ጋምቤላ ውጭ አገር ነው። ፓስፖርት አይጠየቅም እንጂ ሙቀቱ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ የመኪናውም ሕግ ሌላ ነው። ለሦስት ወር በበጎ ፈቃድ ክትባት ልሰጥ ሄጄ ከሁሉ ያደከመኝ ወባውም ትንኙም አይደለም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ መድረስ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ወር ትቼ አንዲት የነሐሴ ጉዞ ብቻ ልጻፍላችሁ፤ ከጋምቤላ ከተማ እስከ ጎግ። እናንተ እዚያ የምትሄዱ አይመስለኝም። እኔም ጉልበቴን ሳየው ደግሜ የምሄድ አይመስለኝም።

ክልሉ ያኔ ገና በቁጥር ይጠራ ነበር፤ ክልል አሥራ ሁለት። ቢሮዎቹ አዲስ ቀለም ይሸታሉ፤ ሰዉ በየበሩ ማኅተሙ መጣ ወይስ አልመጣም እያለ ይጠያየቃል። እኛ በጎ ፈቃደኞች ከአዲስ አበባ ስንነሳ ለየአንዳንዳችን አንዲት ወረቀት ተሰጥታናለች፤ በታክሲና በኪራይ መኪና በሰላም ስለ መጓዝ የምትመክር። የሾፌሩን ስም እወቁ ትላለች። ታርጋውን ጻፉ፣ ጋቢና ተቀመጡ፣ ከጨለመ አትጓዙ፣ ከመድረሻችሁ በፊት የትም አትውረዱ ትላለች። ከሁሉ በታች፣ የተሰመረባት ደግሞ ይህች ነበረች፦ ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለማታውቁት ሰው አትናገሩ። እኔ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝና ወረቀቷን ወደድኳት። አጥፌ ከመታወቂያዬ ጋር ያዝኳት።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ መኪና ስፈልግ ዋልኩ። እኛ አገር ጋሪ ላይ ወጥቼ «ጠባሴ» ካልኩ ፈረሱም ሳይቀር መንገዱን ያውቀዋል። ጋምቤላ ግን ታክሲ የሚሉት ሰው የጫነውን መኪና ሁሉ ነው። ዛሬ ታክሲ የሆነው ነገ በቆሎ ይጭናል፤ ከነገ ወዲያ ጎማው ወልቆ ማንጎ ዛፍ ሥር ይተኛል። ባሮ ድልድይ አጠገብ ቆሜ አራት ሾፌር ጠየቅሁ። አንዱ ታርጋ የለውም። አንዱ ታርጋ አለው፣ ፍሬን የለውም። ሁለቱ «ጎግ» ስላቸው ሰማዩን አዩና ሳቁ።

ማታ ደክሞኝ ስገባ የተከራየሁባት ቤት ባለቤት ማማ ማርታ ዓሣ ጠብሳ ጠበቀችኝ። ማማ ማርታ አኙዋክ ናት፤ የመካነ ኢየሱስ መዝሙር እያንጎራጎረች ነው ሥራዋን ሁሉ የምትሠራው። እኔ ደግሞ ፍልሰታን እየጾምኩ ነው፤ እኛ ቤት በጾም ዓሣ አይቀመስም።

«ዓሣ እኮ ደም የለውም፣ ሲስተር። ውሃ ነው፤ ውሃ የሚዋኝ» አለችኝ።

«በልጅነቴ እናቴ የከለከለችኝን በስተርጅና አልጀምርም።»

አልተቀየመችም። ሳህኑን አንስታ ሄደችና በቅጠል የተሠራ ወጥና የበቆሎ ገንፎ ይዛ ተመለሰች። ለካ ይህን እንደምል ገምታ ሁለቱንም ሠርታ ኖሯል። ስበላ ታክሲ እንዳጣሁ ነገርኳት።

«ድልድይ ጋ ለምን ሄድሽ? መኪና አይፈለግም፤ ሰው ነው የሚፈለግ። ኦባንግን እጠራለሁ» አለች።

ማክሰኞ

ኦባንግ ዕድሜው አርባ የሚሆን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መኪናው አሮጌ ላንድሮቨር ናት፤ ታርጋዋ በሽቦ ታስራለች፣ ግን አለች። ቁጥሩን ጻፍኩ። ማማ ማርታ እጁን ይዛ በቋንቋቸው ብዙ ነገር ነገረችው፤ እኔን እያሳየች፣ የክትባት ሳጥኑን እያሳየች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ «አደራ ሰጥቼዋለሁ። አሁን የእሱ ነሽ» አለችኝ። ወረቀቷ ስለዚህ ምንም አትልም።

ስለ ሳጥኑ ልንገራችሁ፤ የጉዞው ነገር ሁሉ እሱ ነውና። ውስጡ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጦች አሉ። በዙሪያቸው አይስ ፓክ የምንላቸው፣ ውሃ ተሞልተው በፍሪጅ የረጉ ፕላስቲኮች አሉ። በዚያ ሙቀት በረዶው ግፋ ቢል ሁለት ቀን ነው። አይስ ፓኩ ሲነቀነቅ ውስጡ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለ በረዶው ገና ነው፤ ክትባቱም ደህና ነው። ውሃ ብቻ ከሆነ ክትባቱ ሞቷል። በጎግ እናቶች ረቡዕ እንዲሰበሰቡ መልእክት ተልኳል፤ በዚያ ሰሞን በየመንደሩ ኩፍኝ ገብቶ ነበር። ረቡዕ እስከ ምሽት ካልደረስኩ የያዝኩት ሳጥን ሙሉ ውሃ ነው።

በአንድ ሰዓት ልንነሳ ተባብለን በአምስት ሰዓት ተነሳን። ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ፍየል፣ አንድ አልጋ። ጋቢና ተቀመጥኩ፤ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አደረግሁ። አቦቦ ቅርብ ነው ብለውኝ ነበር። ቅርብስ ነበር፤ ዝናቡ ሦስት ጊዜ ባያቆመንና ኦባንግ ባየው መንደር ሁሉ ባይቆም። መኪናውን ያቆማል፣ ይወርዳል፣ እጅ ይጨብጣል፣ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል። እየጠቆመ ስለ እኔ ያወራል። «ጎግ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔ መድረሻዬን ለማንም ላለመናገር አፌን ዘግቼ፣ ሾፌሬ እንደ አዋጅ ነጋሪ ይለፍፍልኛል።

አቦቦ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ያደርኩት እትዬ ከድጃ ከሚባሉ ሴት ቤት ነው፤ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡና ሌሎቹ ሲመለሱ እዚያው የቀሩ። ሳጥኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ከራሳቸው አልጋ ሥር አስገቡልኝ፤ መሬቱ እዚያ ጋ ቀዝቃዛ ነው ብለው። እኔን አልጋው ላይ አስተኝተው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። እምቢ ብል «ልጄ፣ እኔም ስመጣ ሰው አልጋውን ለቆልኛል» አሉኝ። ጀርባዬ በመንገዱ እንደዚያ ቀን ቆስሎ አያውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ረቡዕ

ከአቦቦ ወዲያ ተሳፋሪ ስላልነበረ ኦባንግን በኮንትራት ያዝኩት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አይስ ፓኩን ነቀነቅሁ፤ ቋ አለ። ተነሳን።

በመጀመሪያው መንደር ቆመ። በሁለተኛው ቆመ። ወረቀቷን አውጥቼ አየሁና መልሼ ከተትኳት። በሦስተኛው እንዲያውም ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ቁርበት አንጥፈው አስቀመጡት፤ እሱም ተመቻችቶ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ከሳጥኑ ሥር ጭኔን አልቦኛል። እንደገና አይስ ፓኩን ነቀነቅሁ። ድምፁ ቀጥኗል።

አራተኛዋ መንደር ትልቅ የማንጎ ዛፍ አላት። ሰዎቹ የመኪናውን ድምፅ ሰምተው ቀድመው ወጥተዋል። አንዲት አሮጊት የትምባሆ ጋያዋን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ ሰላምታ ትሰጣለች። ኦባንግ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«አትቁም» አልኩት።

«ሲስተር፣ እዚህ መቆም አለ።»

«በረዶው እየቀለጠ ነው!»

«ትንሽ ነው። ሰላም ብቻ።»

«ኦባንግ፣ የተኮናተርኩህ እኔ ነኝ። ንዳው!»

አየኝ። ነዳው። ዞሬ ሳይ አሮጊቷ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። እኔ ግን በልቤ «እሰይ፣ በመጨረሻ እንደ ሰው ተጓዝን» አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነበር።

ግማሽ ሰዓት አልሄድንም። መንገዱ ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ላዩ ደረቅ ይመስላል። ላንድሮቨሯ አንድ ጊዜ አቃሰተችና በሆዷ ተኛች። ጎማዎቹ አይታዩም። ኦባንግ በአካፋ ቆፈረ፣ እኔ ቅጠል ቆርጬ አመጣሁ፣ ቆፈርን፣ ገፋን፣ ጫማዬ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረ። የደብረ ብርሃን ጭቃ ብርድ ነው እንጂ ሰው አይውጥም። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰው የሚባል አላለፈም።

«የመንደሮቹ ሰዎች አይመጡም?» አልኩ። ኦባንግ ያን ሁሉ ሰላምታ በከንቱ አልሰጠም ብዬ።

ኦባንግ ጭቃውን ከእጁ እየጠረገ መከራ ላይ ሆኖም ቀስ ብሎ ነገረኝ። «ሦስቱ መንደር ያውቃል። ግን ሩቅ ነው፤ አይሰማም። ቅርቡ አራተኛው ነው። እነሱ የመኪና ድምፅ ይሰማሉ። ጭቃው ጋ ድምፁ ከቆመ ይመጣሉ። ሁልጊዜ ይመጣሉ።»

«ታዲያ አሁን ድምፁ ቆሟል እኮ!»

«አልነገርናቸውም። ማን እንደ ሆንን አያውቁም። ጠመንጃ የያዘ ይሆናል። ልጅ የሚሰርቅ ይሆናል። ዝም ብሎ ያለፈ መኪና ጋ ሰው አይሄድም፣ ሲስተር። ያስፈራል።»

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ለካ እነሱም ወረቀት አላቸው። በእነሱ ወረቀት ላይ የተሰመረባት ደግሞ፣ ወዴት እንደሚሄድ ያልነገራችሁን ሰው አትጠጉ የምትል ናት። እኔ እነሱን ስጠነቀቅ እነሱ እኔን ተጠንቅቀዋል።

ኦባንግ ወደ ኋላ በእግሩ ሄደ። እኔ ከሳጥኑ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ፈራሁ፤ አልደብቃችሁም። ጻድቃንን ሁሉ በየተራ ጠራሁ። ከፀሐይ እንዲጠለል ሳጥኑን ከመኪናው ሥር አስገብቼ እኔ ፀሐዩ ላይ ሆንኩ። በየጥቂቱ አይስ ፓኩን አወጣና እነቀንቃለሁ፤ ከዚያ ደግሞ በከፈትኩት ቁጥር ሙቀት እንደሚገባ ትዝ ሲለኝ ራሴን እረግማለሁ።

በስምንት ሰዓት ድምፅ ሰማሁ። ኦባንግ ከአሥር ሰው ጋር መጣ። ከፊት ከፊት አንዲት ሴት ትመጣለች፤ መቆፈሪያ በእጇ፣ ዓመት ያልሞላት ሕፃን በጀርባዋ። አሪየት ትባላለች። አማርኛዋን የለመደችው አቦቦ ገበያ ነው።

«አንቺ ነሽ ያለፍሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ሳጥኑ ምንድን ነው?»

«የኩፍኝ ክትባት ነው። ለሕፃናት።»

ለሰዎቹ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለችውን ልጅ ነካ አድርጋ «ይቺ አልተከተበችም። ብትቆሚ ይዤ እወጣ ነበር» አለችኝ። በክልሉ ውስጥ የምከትባቸውን ሕፃናት ፍለጋ ከሸዋ ድረስ መጥቼ፣ እጃቸውን ዘርግተው መንገድ ላይ የቆሙትን ጥዬ አልፌ ነበር።

ወንዶቹ መኪናውን ሊያወጡ ቀሩ። ጎግ በእግር ሦስት ሰዓት ነው ተባለ። አሪየት አልጠየቀችኝም፤ ሳጥኑን አንስታ ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። ሕፃኗ በጀርባ፣ ሳጥኑ በራስ፣ ትሄዳለች። እኔ በአንድ ጫማና በአንድ የላስቲክ ከረጢት በታሰረ እግር ከኋላዋ እየተጎተትኩ ነው። «ልያዝልሽ» ስላት አንድ ጊዜ ዞራ እግሬን አየችና መሄዷን ቀጠለች። ብትስቅብኝም አልቀየምም፤ ይገባኝ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረስን። እናቶቹ አልተበተኑም። ከጠዋት ጀምሮ ጥላው ሲዞር አብረው እየዞሩ ጠብቀውኛል። ሳጥኑን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን አይስ ፓክ ነቀነቅሁ፤ ውሃ። ሁለተኛውን፤ ውሃ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነቀነቅሁ።

አሪየት እጇን አስገብታ ብልቃጦቹን ዳሰሰች። «ቀዝቃዛ ነው» አለች፤ ደስ ብሏት።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ሕፃናቱን በዚያው ልወጋቸው አሰብኩ። ማን ያውቃል? ሁሉም ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር፤ እኔም ተከተቡ ብዬ ጽፌ እተኛ ነበር። ደክሞኛል፤ አጥንቴ ድረስ ደክሞኛል። ነገር ግን ያቺ ሴት ሦስት ሰዓት የተሸከመችውን አየሁና አልቻልኩም።

«ቀዝቃዛ መሆኑ አይበቃም፣ አሪየት። በረዶው አልቋል። መድኃኒቱ ሞቷል።»

ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አውጥቼ እንዳይሠራባቸው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኳቸው። እናቶቹ ልጆቻቸውን አንስተው አዘሉ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። አሪየት ግን ጎንበስ ብላ አንዱን አይስ ፓክ አነሳች። «በረዶ ሲኖር እንዴት ነው?» አለች። ድንጋይ አንስቼ ጣሳ ውስጥ ጨመርኩና ነቅንቄ አሰማኋት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

የጤና ኬላው ጥበቃ አጎበር ያለበትን አልጋውን ለቀቀልን። ከአሪየትና ከሕፃኗ ጋር አንድ አልጋ ላይ አደርን። አልቅሼ ነው የተኛሁት።

ሐሙስ

ረፋድ ላይ ኦባንግ በጭቃ የተለሰነችውን ላንድሮቨር እየነዳ መጣ። የመንደሩ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲቆፍሩ አድረው፣ ያመጣሁባቸውን ችግር አንድም ሰው አላነሳብኝም። አሪየትን ይዘን ተመለስን።

የማንጎው ዛፍ ጋ ስንደርስ ኦባንግ ሳያቆም እኔ የበሩን እጀታ ይዤ ነበር። ወረድኩ። አሮጊቷን ፈልጌ አገኘኋትና ሁለት እጄን ዘርግቼ ሰላም አልኳት። ጋያዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ እጄን ያዘች። ከዚያ በሕዝቡ መሐል ቆሜ፣ ኦባንግ እያስተረጎመ፣ ስሜን ተናገርኩ፤ ወርቅነሽ እባላለሁ፣ አገሬ ደብረ ብርሃን ነው፣ ሥራዬ ክትባት ነው፣ የምመለሰው የፊታችን ረቡዕ ነው፣ ጠዋት ከአቦቦ እነሳለሁ፣ ሾፌሬ ኦባንግ ነው። ወረቀቷ አትናገሩ ያለችውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ «ስንት ሰዓት?» አለኝ። «በአራት ሰዓት እዚህ ነኝ» አልኩ። በሦስቱም መንደር እንዲሁ አደረግሁ። በመጨረሻው መንደር ውሃ ሰጡኝ፤ ተቀምጬ ጠጣሁ።

የሚቀጥለው ረቡዕ

አዲስ ክትባት፣ አዲስ በረዶ። በየመንደሩ ቆምን፤ ግን እንዳለፈው ጊዜ አልቆየንም። ሁሉም ያውቁናል፤ እጅ ተጨባብጠን እንነሳለን። ደህና የታወቀ ሰው ሰላምታው አጭር ነው።

የማንጎው ዛፍ ጋ ሰው አልነበረም። አሮጊቷ ብቻ ተቀምጣለች። ደነገጥኩ። ኦባንግ ጠየቃትና ሳቀ። «ወደፊት ሂዱ ትላለች።»

ሄድን። ሰምጠንበት የነበረው መረሬ ላይ የመንደሩ ሰው ተሰልፏል። ሣርና ቅርንጫፍ ቆርጠው ጭቃውን ከዳር እስከ ዳር ጎዝጉዘውታል። ላንድሮቨሯ እያንገራገጨች፣ በሁለቱም ጎን በእጅ እየተደገፈች ተሻገረች። ወዲያ ማዶ አሥራ ስድስት እናቶች ሕፃናቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ቀድመው እዚያው ሊያስከትቡ። ወርጄ ሳጥኑን መኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጥኩና መርፌዬን አዘጋጀሁ።

የመጀመሪያዋ አሪየት ነበረች። ሕፃኗን ከጀርባዋ አወረደቻት፤ ክንዷን ግን አልሰጠችኝም። ሳጥኑን በአገጯ አሳየችኝ። ከፈትኩላት። አንዱን አይስ ፓክ አወጣች፣ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፣ ነቀነቀችው፤ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«አለ» አለች፤ የልጇንም እጅጌ ሰበሰበችልኝ።